ሊጠፉ የተቃረቡ የመድኃኒት ተክሎችን በቲሹ ካልቸር ማባዛት፦ በጎንደር ለሚሠሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ቀበሪቾ ለገበያ የሚቀርበው ሥሩ ተነቅሎ ነው። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ በመደብ በመደብ ተቀምጦ የሚሸጠው ሥር ሁሉ ሕይወቱ ያበቃ ተክል ነው፤ ቀበሪቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል በመሆኑም ከዚህ ከጠፋ ከሌላ አገር የሚመጣ ምትክ የለውም። ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ ቅርፊቱ ዙሪያውን ሲላጥ ቆሞ ይደርቃል፤ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት መሥሪያነት በውጭ አገር ስለሚፈለግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። ኮሶም አበባው ለትል ማስወጫ፣ ግንዱ ለጣውላ ስለሚፈለግ ከብዙ ቦታ ተመናምኖ፣ አንዳንድ ቦታ የቀረው አንድ ዛፍ ብቻ ነው።

ቲሹ ካልቸር ከእናት ተክል የተወሰደን ትንሽ ቁራጭ ከሻጋታና ከባክቴሪያ በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ፣ በተመጠነ ምግብና ሆርሞን ወደ ብዙ ችግኝ የመለወጥ ሥራ ነው። በአገራችን በሸንኮራ አገዳ፣ በሙዝና በድንች ላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ይሁን እንጂ ለሸንኮራ አገዳ የሚበጀው አሠራር ለዱር መድኃኒት ተክል እንዳለ አይገለበጥም። ለእርሻ የሚፈለገው አንድ ምርጥ ዝርያ ተባዝቶ ማሳውን እንዲሞላ ሲሆን፣ ሊጠፋ ለተቃረበ ተክል የሚያስፈልገው ግን ከብዙ እናት ተክሎች የተገኘ፣ እርስ በርሱ የሚለያይ ችግኝ ነው። ከአንድ ዛፍ አሥር ሺህ ችግኝ ያወጣ ቤተ ሙከራ አንድን ዛፍ አሥር ሺህ ጊዜ ደገመ እንጂ ዝርያውን አላዳነም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ ይህን መሠረት ያደረገ ነው።

ተክሉ ቲሹ ካልቸር ያስፈልገዋል?

ጤና አዳም፣ ዳማከሴና እንዶድ ቁራጫቸው እርጥብ አፈር ውስጥ ሲሰካ ሥር ስለሚያወጣ፣ እነዚህን በጠርሙስ ማባዛት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። ሥራው የሚገባው ሌላው መንገድ ለተዘጋበት ተክል ነው። የጥቁር እንጨት ዘር ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ አይቆይም፤ ሲደርቅ የመብቀል ኃይሉን በቶሎ ያጣል። ቀበሪቾ ደግሞ ሥሩ ሲነቀል አብሮ ስለሚያልቅ፣ ዘር የሚሰበሰብበት ተክል እየጠፋ ነው።

የኮሶ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ኮሶ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ ላይ የሚያብቡ ተክል ነው። ወንድና ሴት ዛፎች ተቀራርበው ካሉ ዘር ለቅሞ ማፍላት ከቲሹ ካልቸር ይቀድማል፤ ይረክሳልም። ነገር ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻዋን የቀረች ሴት ኮሶ ቀላ ያለ አበባዋን በየዓመቱ ብታንዠረግግም፣ በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ የሚበቅል ዘር አትሰጥም። እንዲህ ያሉትን ብቸኛ ዛፎች ከየቦታው ናሙና ወስዶ አባዝቶ፣ ወንድና ሴቱን በአንድ መሬት ላይ አገናኝቶ መትከል ቲሹ ካልቸር በእርግጥ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው። መድኃኒት የሚሆነው የሴቷ አበባ ስለሆነ ሴቶቹን ብቻ ለማባዛት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ይህ ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ ዘር የማይሰጥ ደን መትከል ነው።

ፈቃድና እናት ተክል

የዕፅዋትን ዘረመል ሀብት ለምርምር ወይም ለልማት መውሰድ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚገዛ በመሆኑ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። አዋጁ የማኅበረሰብን ዕውቀትም ይመለከታል፤ ስለዚህ ተክሉን ያሳዩን የባህል ሐኪም፣ ዛፉ የቆመበት ደብር አስተዳዳሪ ወይም የቀበሌው ነዋሪዎች ምን እንደምንሠራ አስቀድመው ሊያውቁና ሊስማሙበት ይገባል። በኋላም ችግኙ ሲደርስ የመጀመሪያው ድርሻ የእነርሱ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈር መልካም ነው።

ናሙና ከገበያ አይገዛም። የተገዛ ሥር ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ መግዛቱም ነቃዩን ማበረታታት ነው። በተጨማሪም ቀበሪቾን የሚመስሉ እሾሃማ የቅርብ ዘመዶች በአገራችን ስላሉ፣ ከእያንዳንዱ ቦታ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነአበባው በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ደርቆ በዕፅዋት ባለሙያ ስሙ ሊረጋገጥ ይገባል።

ቢቻል ከ30 የማያንሱ፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ያሉ እናት ተክሎች ይመረጡ። ያን ያህል በሕይወት ከሌለ ያሉት ሁሉ ይወሰዱ። ለእያንዳንዱ እናት መለያ ቁጥር ይሰጥና ቦታው፣ ከፍታው፣ ኮሶ ከሆነም ጾታው በመዝገብ ይስፈር። የኮሶ ጾታ በአበባ ጊዜ በቀለም ይለያል፤ የሴቷ አበባ ቀላ ሲል የወንዱ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ይህ መለያ ቁጥር ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ጠርሙስ፣ በእያንዳንዱ የችግኝ ከረጢት፣ በመጨረሻም በመስክ ላይ ባለው ምልክት ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከተደባለቀ የቀረው ሥራ ዋጋውን ያጣል፤ ስለዚህ ጽሕፈቱ በአልኮል በማይለቅ ቀለም ይሁን።

ከትልቅ ዛፍ ሲወሰድ ከላይኛው አሮጌ ቅርንጫፍ ይልቅ ከግንዱ ሥር ወይም ከተቆረጠ ቦታ የወጣ ለጋ ቀንበጥ የተሻለ ይበቅላል። ናሙና ለመሰብሰብ ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ በክረምቱ የወጣው ቀንበጥም ገና ለጋ ነው። በክረምት መካከል የተወሰደ ቀንበጥ በሻጋታ ተሸፍኖ ስለሚመጣ አጽድቶ ማስገባቱ እጅግ ያስቸግራል። ከደባርቅ አካባቢ የተወሰደ ናሙና ጎንደር እስኪደርስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮና በማቀዝቀዣ ሣጥን ተቀምጦ በዚያው ቀን ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት።

ለቀበሪቾ ከቅጠሉና ከግንዱ ይልቅ ከዘሩ መነሳትን እመርጣለሁ። ተክሉ ለአፈር የቀረበና እሾሃማ ስለሆነ ቁራጩን ማጽዳት ከባድ ነው። ዘሩ ግን በደንብ ከጸዳ በጠርሙስ ውስጥ በንጽሕና ይበቅላል፤ ከበቀለችው ቡቃያ ጫፍ ተወስዶም ይባዛል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ዘር የራሱ የሆነ ዘረመል ስላለው ልዩነቱ አብሮ ይመጣል።

ማሳደጊያ ምግብና የጎንደር ከፍታ

ለአብዛኛው ሥራ ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡትና ኤም ኤስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ቀመር ይበቃል። ለአንድ ሊትር ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዱቄት ከነቫይታሚኑ 4.4 ግራም ያህል፣ ስኳር 30 ግራም፣ ምግቡን የሚያረጋው አጋር ከ7 እስከ 8 ግራም ነው። ዱቄቱና ስኳሩ በተጣራ ውሃ ይሟሟሉ፣ ሆርሞኑ ይጨመራል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መጠኑ) 5.8 ላይ ይስተካከላል፣ ከዚያ አጋሩ ገብቶ በሙቀት እስኪሟሟ ይማሰላል። ፒኤቹ ከዚህ በጣም ዝቅ ካለ አጋሩ አይረጋም። የቧንቧ ውሃ ለመጀመሪያው እጥበት እንጂ ለማሳደጊያው አይሆንም።

ሆርሞን በየጊዜው በጥቂት ሚሊ ግራም እየመዘኑ መጨመር ለስህተት ይዳርጋል። ቀንበጥ የሚያበዛው ሆርሞን ቢኤፒ 100 ሚሊ ግራም በጥቂት ጠብታ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ይሟሟና በተጣራ ውሃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ ከዚህ ክምችት 1 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ምግብ ሲጨመር መጠኑ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ክምችቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይቀመጣል።

አሁን ብዙ መጻሕፍት ወደማያነሱት፣ እኛን ግን በቀጥታ ወደሚነካን ነገር እንምጣ። መጻሕፍቱ ማሳደጊያው በ121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ በ15 ፒኤስአይ ግፊት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀል ይላሉ። ይህ ስሌት ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እንኳ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በግፊት መለኪያው ብቻ የሚሠራ አውቶክሌቭ ወይም የግፊት ድስት እዚህ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ዲግሪ ጥቂት ትመስላለች፤ ነገር ግን ሙቀትን የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮችን ለመግደል የሚያስፈልገውን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ታስረዝመዋለች። ስለዚህ መሣሪያው የሙቀት መለኪያ ካለው ሙቀቱን ይከተሉ፤ ግፊቱን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አምራቹ የፈቀደው ጣሪያ ሳይታለፍ የቅቀላው ጊዜ ወደ 35 እና 40 ደቂቃ ከፍ ይበል። በዚህ ጊዜ ጠርሙሶቹ ትንንሽ ይሁኑ፤ ብዙ ምግብ በትልቅ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል ስኳሩ ይጠቁራል፣ አጋሩም ሳይረጋ ይቀራል። በቅቀላው መካከል መብራት ከጠፋ ሰዓቱ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሙቀቱ እንደገና ከደረሰበት ቅጽበት ጀምሮ አዲስ ይቆጠራል።

የተዘጋጀው ምግብ ወዲያው ሥራ ላይ አይዋል። አራት አምስት ቀን በክፍሉ ሙቀት ይቀመጥና ሻጋታ ወይም ደመና መሰል ነገር የታየበት ጠርሙስ ይወገድ። ብክለቱ ከምግቡ ይሁን ከተክሉ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ቁራጩን ማጽዳት

ቀንበጡ በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ለ30 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያም በፈሳሽ ሳሙና። ቀጥሎ በላሚናር ፍሎው፣ ማለትም የተጣራ አየር በሚነፍስበት የሥራ ሣጥን ሥር፣ በ70 በመቶ አልኮል ለ30 ሰከንድ ብቻ ይነከር፤ አልኮል ለጋ ቀንበጥን በቶሎ ያቃጥላል። ዋናው ማጽጃ በረኪና ነው። 5 በመቶ ኃይል ያለው በረኪና አንድ እጅ ከሦስት እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ይሰጣል፤ በዚህ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ጨምሮ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየነቀነቁ ማቆየት ነው። በረኪና በቆየ ቁጥር ኃይሉን ስለሚያጣ ከሱቅ መደርደሪያ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ አይገዛ። በመጨረሻ ተቀቅሎ በቀዘቀዘ የተጣራ ውሃ አራት አምስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ የቀረ በረኪና ቁራጩን ያነጣዋልና።

በረኪናው የነካው ጫፍ ተቆርጦ ይጣል፤ አንድ ጎን እምቡጥ የያዘ፣ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ አንጓ ይቀር። መቆንጠጫውና ምላጩ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ በአልኮል ተነክረው በእሳት ይለፉ። በአንድ ጠርሙስ አንድ ቁራጭ ብቻ ይግባ፤ ሁለት ሦስት አንድ ላይ ማስገባት ምግብ የቆጠበ ይመስላል፣ ዳሩ ግን የአንዱ ሻጋታ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። መብራት በሥራ መካከል ከጠፋ እጅ ላይ ያለው ጠርሙስ በፍጥነት ይከደን፤ የአየር ማጣሪያው ቆሞ ሥራውን መቀጠል ግን የቀኑን ድካም ማበላሸት ነው።

የኮሶ መጥቆር

ኮሶን የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቁራጩ በምግቡ ላይ በተተከለ በሰዓታት ውስጥ በተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ ቡና የመሰለ ቀለበት ይታያል፤ ቀለበቱ በአጋሩ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል፣ በጥቂት ቀናትም ቀንበጡ ራሱ ከሥር ወደ ላይ ይጠቁራል። ይህ ሻጋታ አይደለም። ከቁስሉ የሚወጣው ፌኖል የተባለ ንጥረ ነገር አየር ሲያገኝ ይጠቁርና የራሱን ቲሹ ይመርዛል። ኮሶ መድኃኒት ያሰኙት ውህዶች ከዚሁ ወገን ስለሆኑ ነገሩ አያስገርምም፤ በብዙ የመድኃኒት ተክሎች ላይም ያጋጥማል።

መከላከያው አንድ አይደለም፤ ተደራርቦ ነው የሚሠራው። ቁራጩ ከመተከሉ በፊት በሊትር 100 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ መቁረጡም እዚያው ውሃ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ምላጩ ስለታም ይሁን፤ የደነዘዘ ምላጭ ይጨፈልቃል፣ የተጨፈለቀ ቲሹ ደግሞ ይበልጥ ያለቅሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠርሙሶቹ ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ። ከሁሉ በላይ ግን የሚረዳው መዛወር ነው፤ ምግቡ መጥቆር ሲጀምር ወር ሳይጠበቅ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቁራጩን ወደ አዲስ ምግብ ማዛወር፣ ካስፈለገም ደጋግሞ ማዛወር። በምግቡ ላይ በሊትር 1 ግራም ያህል ለመምጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ (አክቲቬትድ) ከሰል የሚጨምሩም አሉ፤ ከሰሉ መርዙን ይመጥጣል፣ ግን ሆርሞኑንም አብሮ ስለሚመጥጥ ለማባዣው ደረጃ አይመከርም።

ማባዛትና ሥር ማስያዝ

ንጹሕ የሆነው ቁራጭ ሲያቆጠቁጥ በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ቢኤፒና 0.1 ሚሊ ግራም ኤንኤኤ የተባለ ሌላ ሆርሞን ወዳለው ምግብ ይዛወራል። ይህ መነሻ ነው፤ ለየተክሉ የሚስማማው መጠን የሚገኘው ከ0 እስከ 2 ሚሊ ግራም ያሉ መጠኖችን ጎን ለጎን በመሞከር ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ብርሃኑ በቀን 16 ሰዓት ይሁን። መብራት ለአንድ ሁለት ቀን ቢጠፋ ተክሎቹ አይሞቱም፤ መጋረጃው ተከፍቶ የቀጥታ ፀሐይ የማይነካቸው ብርሃን ያግኙ።

ቢኤፒን በመጨመር ብዙ ቀንበጥ ለማግኘት መጣደፍ ዋጋ ያስከፍላል። መጠኑ ሲበዛ ቀንበጦቹ ውሃ የጠጡ መስለው ይነፋሉ፤ ቅጠላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲነካ የሚሰበር ይሆናል። እንዲህ ያለው ተክል ከጠርሙስ ሲወጣ አይተርፍም። ቅርጽ የሌለው እብጠት፣ ማለትም ካለስ፣ ከታችኛው ጫፍ ሲበዛም ተቆርጦ ይጣል፤ ከካለስ የሚወጣ ችግኝ በዘረመሉ ከእናቱ የመለየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አንድ ቀንበጥ በየዙሩ ሦስት ቢሰጥ ከአምስት ዙር በኋላ 243 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለሥራችን ከበቂ በላይ ነው። ከአንድ እናት 243 ከማውጣት ከ30 እናቶች ስምንት ስምንት ማውጣት እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚባዙትን እናቶች ገታ አድርጎ ለዘገምተኞቹ ጊዜና ምግብ መስጠት ያስፈልጋል። በመደርደሪያው ላይ ደካማ የሚመስለው ቁጥር በመስክ ላይ ድርቅን የሚችለው ሊሆን ይችላል።

ሦስት ሴንቲ ሜትር የደረሰው ቀንበጥ ተለይቶ ጨውና ማዕድኑ በግማሽ በተቀነሰ ኤም ኤስ፣ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ያህል አይቢኤ የተባለ ሥር አስወጪ ሆርሞን በተጨመረበት ምግብ ላይ ይተከላል። በሦስት አራት ሳምንት ሥር ይታያል።

ከጠርሙስ ማውጣት

ብዙ ሥራ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ያደገ ችግኝ በእርጥበት በተሞላ አየር ውስጥ፣ ስኳር እየተመገበ ስለኖረ ቅጠሉ ውሃ መቋጠሪያ ሰም የለውም፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም መዝጋትን አልለመዱም። በጎንደር የበጋ ደረቅ አየር ላይ በድንገት የወጣ ችግኝ ጥላ ሥር ቢሆን እንኳ ቶሎ ይጠወልጋል። ለዚህ ነው የዓመቱን ሥራ ከዚህ ደረጃ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ የሚያስፈልገው፦ ናሙና በጥቅምት፣ ማባዛት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ሥር ማስያዝ በግንቦትና በሰኔ፣ ከጠርሙስ ማውጣት በሐምሌ፣ አየሩ ራሱ እርጥበት በሚሰጥበት ወር።

ከመውጣቱ በፊት የጠርሙሱ ክዳን ለጥቂት ቀናት ላላ ይበል። ከዚያ ችግኙ በመቆንጠጫ በቀስታ ይወጣና ሥሩ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይታጠባል። በቀጫጭኖቹ ሥሮች መካከል ተጣብቆ የሚቀረው አጋር በቀላሉ አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ይንሸራተታል። ይህ ካልለቀቀ ስኳሩ ሻጋታ ይጋብዝና ችግኙ በሳምንት ውስጥ ከአንገቱ ይበሰብሳል። መትከያው የጫካ አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ እኩል ተቀላቅለው፣ በእንፋሎት ከተቀቀሉ በኋላ የቀዘቀዙ ይሁኑ።

የተተከለው ችግኝ ጥርት ባለ ላስቲክ ወይም ተቆርጦ በተገለበጠ የውሃ ፕላስቲክ ይሸፈን። የመጀመሪያውን ሳምንት አይከፈት፤ በሁለተኛው ሳምንት ማለዳና ማታ ለአጭር ጊዜ ይገለጥ፤ በሦስተኛው ቀዳዳ ይበሳ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ምልክቱ ይኸው አዲሱ ቅጠል ነው፤ ከጠርሙስ ይዞት የመጣው ቅጠል ቢደርቅ አያስደነግጥ። በክረምቱ ደመና ምክንያት ብርሃን ስለሚያንስ ጥላው ከግማሽ በላይ አይሁን፤ ውሃም በመርጨት እንጂ በማጥለቅለቅ አይሰጥ።

ወደ መስክ

ችግኙ በዚያው ዓመት ክረምት አይተከል። በችግኝ ጣቢያ ጥላ ሥር በጋውን ውሃ እየጠጣ ከርሞ፣ ግንዱ እንጨት ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይተከል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ስለሆነ ከከተማው ይልቅ እንደ ዳባትና ደባርቅ ያሉ ከፍ ያሉ ቦታዎች ይሻሉታል፤ ቢቻል ናሙናው ወደተወሰደበት ከፍታ ይመለስ። አተካከሉ የአንድ እናት ልጆች እንዳይጎራበቱ፣ ወንድና ሴት ኮሶም እንዲቀራረቡ ተደርጎ በካርታ ላይ አስቀድሞ ይሠራ። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታጥረውና ተከብረው የሚጠበቁ በመሆናቸው ከክፍት የግጦሽ መሬት ይልቅ ችግኙ የተሻለ የመትረፍ ዕድል አለው።

ከተከላ በኋላ በኅዳር፣ በየካቲትና በሰኔ ምርመራ ይደረግ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የተረፈውና የሞተው በእናት ቁጥር ይመዝገብ። ከአንድ እናት የመጡት ሁሉ ከሞቱ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የዚያ እናት ጠርሙስ ገና መቆየት አለበት፤ ስለሆነም ከእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሦስት ጠርሙስ ቢያንስ የመጀመሪያው በጋ እስኪያልፍ በመደርደሪያ ላይ ይጠበቅ። መድኃኒትነቱ ከዱሩ ጋር እኩል መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስም ሥሩም ሆነ ቅርፊቱ ለሐኪም ወይም ለገበያ አይሰጥ።